ያገለገለ ዱካቲ መግዛትና አብሮ መኖር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ ዲሲ አካባቢ ያሉ የኛ ልጆች ሞተር ሳይክል እንደምነዳ ከሰሙ በኋላ የሚያመጡልኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። ኢንተርኔት ላይ አንድ ቀይ ዱካቲ ያያሉ። ዋጋው ከአዲስ የጃፓን ሞተር ሳይክል በጣም ያንሳል። ፎቶውን ይልኩልኝና “እንዴት ነው? ልግዛው?” ይላሉ። ለእያንዳንዱ ሰው ከዜሮ ከምጀምር መልሱን እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው። በብዛት የማወራው ስለ ዱካቲ ነው፤ ገበያው ላይ ሞልቶ ያለው እሱ ስለሆነ። ሌሎቹን የጣሊያን ሞተር ሳይክሎች፣ አፕሪሊያንና ኤምቪ አጉስታንም ጣል አደርጋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የጣሊያን ሞተር ሳይክል ቶሎ ቶሎ ይበላሻል የሚባለው እውነት ነው?

ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ስም ነው። ዱካቲ በ1926 ቦሎኛ ውስጥ የሬዲዮ ዕቃ ሊሠራ የተቋቋመ ፋብሪካ ነው፤ ወደ ሞተር ሳይክል የገባው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ባለቤቱም ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል። በ1985 ካጂቫ የሚባል የጣሊያን ኩባንያ ገዛው፣ በ1996 የአሜሪካ ባለሀብቶች ገቡበት፣ ከ2012 ጀምሮ ደግሞ በአውዲ ሥር ነው። የአሠራር ጥራቱም ከገንዘቡ ጋር አብሮ ወጥቷል ወርዷል። የ1990ዎቹ ሞዴሎች የኤሌክትሪክ ሥራቸው ደካማ ነው፤ በተለይ ከዲናሞው የሚመጣውን ኃይል የሚቆጣጠረው ሬጉላተር ይቃጠላል። የአሁኖቹ ግን ከማንም አያንሱም።

ሞተሩ ራሱ ጠንካራ ነው። ችግሩ ሰርቪሱ በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በቀን መቁጠሪያም መሆኑ ነው። ጋራዥ ውስጥ ቆሞም ቢሆን ቀኑ ከደረሰ ደርሷል። ብዙ ሰው “ተበላሸብኝ” የሚለው ይሄን ቀን የረሳ ሰው የሸጠለትን ነው። ስለዚህ ያገለገለ ዱካቲ ስትገዙ የምትገዙት ከእናንተ በፊት የነበረውን ሰው ጠባይ ነው።

“ዴስሞ” የሚሉት ነገር ምንድን ነው? ለምንስ ሰርቪሱን ያስወድዳል?

ቫልቭ ማለት ሲሊንደሩ የሚተነፍስበት በር ነው። በተለመደው ሞተር ቫልቩን ካምሻፍት የሚባል የሚዞር ዘንግ ይከፍተዋል፣ ስፕሪንግ ይዘጋዋል። ስፕሪንግ እንዳለው የሱቅ በር ማለት ነው፦ ገፍተህ ትገባለህ፣ በሩ ራሱ ይመለሳል። ሞተሩ በጣም ሲፈጥን ግን ስፕሪንጉ መመለሻ ጊዜ ያጣል። ፋቢዮ ታሊዮኒ የሚባለው የዱካቲ መሐንዲስ መፍትሄ ያለው ስፕሪንጉን መተው ነው። የሚከፍት ክንድ አለ፤ የሚዘጋ ሌላ ክንድ አለ። ዴስሞ የሚሉት ይሄን ነው። በ1956 ለውድድር ሠራው፣ በ1968 መንገድ ላይ ለሚነዳ ሞተር ሳይክል ወጣ።

እንግዲህ ሁለት ሲሊንደር ያለው፣ በእያንዳንዱ አራት ቫልቭ ያለው ዱካቲ ስምንት ቫልቭ አለው። ለመክፈቻም ለመዝጊያም ክፍተቱ ስለሚለካ አሥራ ስድስት ልኬት ይሆናል። እያንዳንዱ በሚሊ ሜትር መቶኛ ነው የሚስተካከለው። ከዚያ በፊት ፌሪንጉ (የውጭ ሽፋኑ)፣ ታንኩ፣ አንዳንዴም ራዲያተሩ መውረድ አለበት። የምትከፍሉት ለዕቃው ሳይሆን ለእጅና ለሰዓት ነው።

ዱካቲም ራሱ ከዚህ ነገር ቀስ እያለ እየወጣ ነው። በ2021 በመጣው መልቲስትራዳ ቪ4 ላይ ወደ ስፕሪንግ ተመልሷል፤ የቫልቭ ምርመራውም 60,000 ኪሎ ሜትር ላይ ሆኗል። የድሮ ወዳጆቹ አኩርፈዋል። እኔ በበኩሌ አላኮረፍኩም።

ቺንጋውስ? ሁሉም ሰው ስለ ቺንጋ ያስፈራራኛል።

ልክ ናቸው፣ ፍሩ። እስከ 848ና 1198 ድረስ ባሉት የዱካቲ ስፖርት ሞዴሎች፣ እንዲሁም ሞንስተር በሚባሉት በአየር የሚቀዘቅዙ ዱካቲዎች ላይ ካምሻፍቱን የሚያዞሩት ሁለት የጎማ ቺንጋዎች ናቸው። አንዱ ከተበጠሰ ፒስተኑ ከቫልቩ ጋር ይጋጫል። ከዚያ በኋላ ስለ ሰርቪስ ሳይሆን ስለ ሌላ ሞተር ነው የምታወሩት።

በድሮዎቹ ላይ ደንቡ በየሁለት ዓመቱ መቀየር ነው፤ ተነዳም አልተነዳም። ሻጩ “ማይሉ ገና ነው” ካለ ስለ ሞተር ሳይክሉ አያውቅም፣ ወይም እናንተ አታውቁም ብሎ አስቧል። ቀኑ የተጻፈበት ደረሰኝ ካላሳየ ቺንጋው አልተቀየረም ብላችሁ ዋጋው ላይ ቀንሱ። ሳትቀይሩም ብዙ መንገድ አትንዱት።

ከ2012 ጀምሮ የመጡት ፓኒጋሌ የሚባሉት ስፖርት ዱካቲዎች ቺንጋ የላቸውም፤ በሰንሰለት ነው የሚሠሩት። ይሄ ብቻውን ከገበያ ሲመርጡ ትልቅ ነገር ነው።

የትኛውን ሞዴል ልግዛ?

ብዙዎቻችሁ የምትልኩልኝ ፎቶ 916ን ወይም ወንድሞቹን ነው፤ 748ን፣ 996ንና 998ን። ዲዛይኑ የማሲሞ ታምቡሪኒ ነው፤ በ1993 ሚላን ላይ ታየ፣ በ1994 ገበያ ወጣ፣ በዚያው ዓመት ካርል ፎጋርቲ በሱ የዓለም ሱፐርባይክ ሻምፒዮን ሆነ። ከመቀመጫው ሥር ወደ ላይ የወጡት ሁለት ማርሚታዎች፣ በአንድ ክንድ ብቻ የተያዘው የኋላ ጎማ፣ ቀጠን ያሉት ሁለት መብራቶች፤ ዛሬም ነዳጅ ማደያ ላይ ቆሞ ሰው ይሰበስባል። ግን እንደ ዕለታዊ ሞተር ሳይክል አትዩት። ዕድሜው ሠላሳ ዓመት ደርሷል። አንድ የታወቀ በሽታም አለው፦ ቫልቩን የሚገፉት ሮከሮች ላይ ያለው የክሮም ሽፋን ይላጣል። የተላጠው ክሮም ከዘይቱ ጋር ይዞራል። ሮከር ማስቀየር የሞተር ሳይክሉን ዋጋ ትልቅ እጅ ሊበላ ይችላል። ስለዚህ 916 የሚገዛ ሰው ሮከሮቹ ተቀይረዋል ወይስ አልተቀየሩም የሚለውን ከቀለሙ በፊት ይጠይቅ።

ከ2003 እስከ 2006 የተሠሩት 999ና 749 መልካቸው አልተወደደላቸውም። የሳሎን ወሬ ነው እንጂ ለነጂው ከ916 ይመቻሉ። አልተወደዱምና ዋጋቸውም አልናረም። እኔን ከጠየቃችሁኝ በገንዘባችሁ ብዙ ሞተር ሳይክል የምታገኙት እዚህ ጋ ነው።

848 ከ2008 እስከ 2013 ተሠርቷል። ፍሪሲዮኑ በዘይት ውስጥ ያለ ስለሆነ ከታላቅ ወንድሙ ከ1098 ጸጥ ይላል፤ 134 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ለመንገድ ከበቂ በላይ ነው። የቫልቭ ምርመራው ግን በየ12,000 ኪሎ ሜትር ነው። ከሱ በኋላ ያሉት 899ና 959 ፓኒጋሌዎች ምርመራቸው በየ24,000 ኪሎ ሜትር ነው፣ ቺንጋም የለም። ገንዘቡ የሚበቃው፣ ጭንቀት የማይፈልግ ሰው 959 ይግዛ።

አፕሪሊያ አርኤስቪ ሚሌም አትናቁት። ከ1998 ጀምሮ የመጣ ሲሆን ሞተሩን የሠራው የኦስትሪያው ሮታክስ ነው። ቺንጋም ዴስሞም የለውም፤ ማንኛውም ጎበዝ መካኒክ ይሠራዋል። ኤምቪ አጉስታ ኤፍ4ም የታምቡሪኒ እጅ ነው፣ ከሁሉም ያምራል። ኩባንያው ግን ብዙ ውጣ ውረድ አይቷል፤ ሃርሊ ዴቪድሰን በ2008 ገዝቶት በ2010 መልሶ ሸጦታል። ዕቃ ፈልጎ ወራት መጠበቅ የማይከብደው ሰው ይግዛው።

ማይሉ ትንሽ የሆነውን ብመርጥ አይሻልም?

አይሻልም። ሃያ ዓመት ሆኖት ሦስት ሺህ ማይል ብቻ የሄደ ዱካቲ ማለት ብዙውን ጊዜ ቆሞ የኖረ ማለት ነው። ቤንዚኑ ታንክ ውስጥ ተበላሽቷል፣ የፍሬን ዘይቱ ውሃ ስቧል፣ ጎማው ጥለቱ አዲስ ሆኖ ጎማነቱ ደርቋል፣ የሹካው ሲሎች ተሰነጣጥቀዋል። ቺንጋውም ለዓመታት በአንድ ቅርጽ ታጥፎ ነው የቆየው። ሃያ ሺህ ማይል ሄዶ ሙሉ ደረሰኝ ያለውን እኔ ሳላመነታ እመርጣለሁ። ሰዉ ግን ቁጥር ይወዳል፤ ለዚያ ነው የቆመው ውድ የሆነው።

ላየው ስሄድ ምን ልፈትሽ?

ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉና “እኔ ሳልመጣ እንዳታስነሳው” በሉ። ስትደርሱ እጃችሁን ሞተሩ ላይ አድርጉ። ሞቅ ካለ አንድ የተደበቀ ነገር አለ ማለት ነው፤ ምክንያቱን ጠይቁ። ቀዝቃዛ ዱካቲ ሲነሳ ነው እውነቱን የሚናገረው። ስታርተሩ እያቃሰተ ከዞረ ባትሪው ወይም የባትሪው ገመድ ደክሟል። ሞተሩ ተነስቶ ትንሽ ከፍ ብሎ ሲዞር ባትሪው ላይ ቮልት ለኩ፤ ከ13.5 እስከ 14.5 አካባቢ ካልሆነ ሬጉላተሩን ጠርጥሩ። መለኪያው ከማንኛውም የዕቃ መደብር በርካሽ ይገኛል፣ ኪስ ውስጥም ይገባል።

ቀጥሎ የፍሪሲዮኑን ሌቫ ያዙና ያዝ አድርጋችሁ ቆዩ። እየላላ ከመጣ ወይም ማርሽ ላይ ሆኖ ወደፊት ሊሳብ ከፈለገ ከታች በኩል ያለው የፍሪሲዮን ሲሊንደር ዘይት እያፈሰሰ ነው። በድሮዎቹ ላይ በጣም የተለመደ ነው፤ ለመቀየርም አይከብድም፣ ግን ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቅማችኋል።

የቺንጋው ክዳን በጥቂት ቡሎን ነው የሚወርደው። ሻጩ እንዲፈቅድላችሁ ጠይቁ፤ በባትሪ መብራት ጎን ለጎኑን እዩ። ስንጥቅ፣ የተበላ ጥርስ፣ የዘይት እድፍ ካለ ተወት አድርጉት። መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙሩ፤ መሃል ላይ ቆንጠጥ የሚያደርግ ነገር ካለ ኩሽኔታው አልቋል። መሪው የሚገታበት ቦታ ከታጠፈ ወይም ከተሰበረ ደግሞ ሞተር ሳይክሉ ወድቋል፤ ፌሪንጉ ምንም ያህል ቢያብረቀርቅ።

ቁልፎቹን ሁሉ ተቀበሉ። የ2000ዎቹ ብዙ ሞዴሎች ኮድ የተጻፈባት ካርድ አላቸው፤ አንዳንዶቹ ከሁለት ጥቁር ቁልፍ ሌላ ቀይ ዋና ቁልፍ አላቸው። ያ ቀይ ቁልፍ ወይም ካርዱ ከሌለ አንድ ቁልፍ የጠፋባችሁ ቀን ነገሩ ውድ ይሆናል። “ቤት ውስጥ አለ፣ በኋላ እልክልሃለሁ” የሚል ሻጭ አይልክም።

ወረቀቱስ? መድኑስ?

ታይትሉ ላይ ያለው ቁጥርና መሪው አንገት ላይ የተቀረጸው ቁጥር አንድ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ። ሳልቬጅ (ከጉዳት በኋላ የተጣለ) ወይም ሪቢልት (ከዚያ እንደገና የተሠራ) የሚል ታይትል ካለው ርካሽነቱ ለዚያ ነው። ያልተሠራ ሪኮል፣ ማለትም ፋብሪካው አስተካክላለሁ ብሎ የጠራበት ጉድለት፣ እንዳለው በሻሲ ቁጥሩ በመንግሥት ድረ ገጽ በነጻ ይታያል። መድኑን ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ለወጣት ነጂ የስፖርት ሞተር ሳይክል መድን አንዳንዴ ከሞተር ሳይክሉ ወርሃዊ ክፍያ ይበልጣል።

ፍሪሲዮኑ ቀጭ ቀጭ ይላል። ተበላሽቶ ነው?

ምናልባት ደህና ነው። 916፣ 996፣ 998፣ 1098ና 1198 ደረቅ፣ ማለትም ዘይት ውስጥ ያልሆነ ፍሪሲዮን ነው ያላቸው። ሌቫውን ስትይዙ ይንቀጫቀጫል፣ ስትለቁ ጸጥ ይላል። አንዳንዱ ባለቤት ድምፁ ይበልጥ እንዲሰማ ክዳኑን ሁሉ ይቆርጠዋል። ጎረቤት ምን እንደሚል ግን አስቡ፤ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት አፓርታማ ሥር ስታስነሱት በፍቅር አያይዋችሁም። ሌቫውን ለቃችሁም ካልጠፋ፣ ወይም ስትነሱ የሚዘል ከሆነ፣ ያኔ የፍሪሲዮኑ ፕሌቶች አልቀዋል።

ሰርቪሱን ራሴ መሥራት እችላለሁ?

ዘይት፣ ካቴና፣ የፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ዘይት፣ ባትሪ፤ እነዚህን ማንም ትዕግሥት ያለው ሰው ይሠራል። የካቴናው ማስተካከያ ነጠላ ክንድ ባላቸው ላይ ለየት ይላል፤ ቡሎኑን አላልታችሁ መሃሉን በልዩ ቁልፍ ታዞሩታላችሁ። መልሳችሁ ስታጠብቁ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ በቶርክ ቁልፍ ይሁን። የኋላ ጎማውን የሚይዘው አንድ ትልቅ ዳዶ ነው፤ ልኩ የሆነ ሶኬት ገዝታችሁ ቤት አስቀምጡ። ጎማ የሚቀይረው ሰውዬ ላይኖረው ይችላል።

ቺንጋ መቀየር ከዚህ ትንሽ ይከብዳል፣ ግን ይቻላል። ዕቃው ራሱ ውድ አይደለም። ውጥረቱ በስልክ ይለካል፦ ቺንጋውን እንደ ክራር ጅማት ነካ ታደርጉታላችሁ፣ መተግበሪያው ስንት ኸርዝ እንደሆነ ያነባል፣ ለሞዴላችሁ ማኑዋሉ ላይ ካለው ቁጥር ጋር ታስተያያላችሁ። ሲበዛ ቢወጠር ኩሽኔታ ይበላል፣ ቢላላ ጥርስ ይዘላል።

ቫልቩን ግን ለሚያውቅ ሰው ስጡ። በወኪል ጋራዥ ትልቁ ሰርቪስ ቺንጋና ቫልቭ ሲደመር ብዙ ጊዜ ከ1,000 ዶላር ያልፋል። ብቻውን የሚሠራ፣ ዱካቲ ላይ ያረጀ መካኒክ ካገኛችሁ በዚያ ዋጋ ላይ ትልቅ ልዩነት ያመጣል፤ ስልኩን ለማንም አትስጡ። ለማንኛውም ስትገዙ ከዋጋው ላይ አንድ ትልቅ ሰርቪስ የሚሸፍን ገንዘብ ለብቻው አስቀምጡ። ያ ገንዘብ ከሌላችሁ ሞተር ሳይክሉን ገና አልቻላችሁትም።

ታንኩ ያብጣል ሲሉ ሰማሁ?

ለአንዳንዶቹ እውነት ነው። በ2000ዎቹ የተሠሩ የፕላስቲክ ታንክ ያላቸው ሞዴሎች ኢታኖል የሚባለው አልኮል ከተቀላቀለበት ቤንዚን ጋር አይስማሙም። አሜሪካ ውስጥ ያለው ቤንዚን አብዛኛው 10 በመቶ ኢታኖል አለው። ፕላስቲኩ ይመጥጠዋል፣ ያብጣል፣ ከዚያ ታንኩ ቡሎኑ ላይ አልገጥም ይላል። ነገሩ እዚህ አገር ፍርድ ቤት ደርሶ በካሳ ስምምነት ነው ያለቀው። የ916 ታንክ ብረት ነው፤ አያብጥም። ፕላስቲክ ያለውን ለረጅም ጊዜ የምታቆሙት ከሆነ ኢታኖል የሌለበት ቤንዚን ፈልጉ ወይም ታንኩን ባዶ አድርጋችሁ አቁሙት።

ሥራ ልሄድበት እችላለሁ?

ትችላላችሁ። አትወዱትም እንጂ። መያዣው ዝቅ ያለ ስለሆነ ክብደታችሁ አንጓችሁ ላይ ያርፋል። ዲሲን በሚዞረው በ495 አውራ ጎዳና ላይ በሐምሌ መንገድ ተዘግቶ ስትቆሙ ከኋላኛው ሲሊንደር የሚወጣው ሙቀት ጭናችሁን ይጠብሰዋል። የ916 መሪ ብዙ አይዞርም፤ ጠባብ ፓርኪንግ ውስጥ ስታዞሩት አውራ ጣታችሁ በመያዣውና በፌሪንጉ መካከል ትቆነጠጣለች። የ1990ዎቹ የጎን መቆሚያ ደግሞ ሸክሙ ሲነሳለት በራሱ ተስፈንጥሮ ይታጠፋል። ሞተር ሳይክሉን ቀና አድርጋችሁ ስልክ አንስታችሁ መልሳችሁ ልታስደግፉት ስትሉ መቆሚያው የለም። ብዙ ቆንጆ ፌሪንግ የተሰበረው በዚህ ነው፣ በመንገድ አይደለም። ብዙዎች መቆሚያውን በማይታጠፍ ይቀይሩታል፤ እናንተም ቀይሩት።

እሁድ ጠዋት ግን ሌላ ነው። ቨርጂኒያ ተራራ ላይ ባለው ስካይላይን ድራይቭ የሚፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 35 ማይል ነው፤ ቢሆንም ከመጠምዘዣ ወደ መጠምዘዣ ስትሄዱ ሞተሩ ከታች ጀምሮ እየጎተተ ሲወጣ ለምን እንደገዛችሁት ይገባችኋል። ፖሊስም አለ፣ አጋዘንም አለ።

የመጀመሪያ ሞተር ሳይክሌ ቢሆንስ?

አይሁን። እባካችሁ። አሜሪካ ኤም የሚባለውን ፈቃድ ካወጣችሁ ማንም 1098 ይሸጥላችኋል፤ 160 የፈረስ ጉልበት ነው። አውሮፓ ያላችሁ በዚህ ታድላችኋል፤ ኤ2 ፈቃድ 35 ኪሎዋት ላይ ያቆማችኋል። መጀመሪያ ኮርስ ውሰዱ፣ አንድ ወይም ሁለት ወቅት በ400 ሲሲ ጃፓን ንዱ፣ እሱ ላይ ውደቁ። ጣሊያን የግድ ካላችሁ በአየር የሚቀዘቅዘው ትንሹ ሞንስተር አለ፤ ቀጥ ብላችሁ ትቀመጣላችሁ፣ ሁለት ቫልቭ በሲሊንደር ስለሆነ ሰርቪሱም ይቀላል።

ክረምት ላይ ምን ላድርገው?

ታንኩን ብረት ከሆነ ሙሉ፣ ፕላስቲክ ከሆነ ባዶ አድርጉ፣ ዘይቱን ከማቆማችሁ በፊት ቀይሩ፣ ባትሪውን ቀስ ብሎ ከሚሞላ ቻርጀር ጋር አያይዙ። በየሳምንቱ አምስት ደቂቃ አስነስቶ ማጥፋት ጥቅም የለውም፤ ውሃ ብቻ ነው ዘይቱ ውስጥ የሚተወው።

አገር ቤት ይዤው ብገባስ?

ይሄን ሁልጊዜ የሚጠይቀኝ ሰው አለ። ከቀረጡ ውጪ አስቡት። የአዲስ አበባ ፍጥነት መቀነሻዎች ላይ የፌሪንጉ ሆድ ይላጫል። ከ2,300 ሜትር በላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ጉልበቱ ይቀንሳል። ቺንጋና የቫልቭ ዕቃ በሻንጣ ከውጭ ማስመጣት ነው። በ2019 የከተማው አስተዳደር በሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ ላይ ገደብ ጥሎ እንደነበርም አስታውሱ። ከመላካችሁ በፊት የወቅቱን ደንብ ከጉምሩክና ከትራንስፖርት ቢሮ በጽሑፍ ጠይቁ።

በኋላ ስሸጠው አልከስርም?

በደንብ የተያዘ 916 ወይም 998 ዋጋው ብዙም አይወርድም፤ ሰብሳቢዎች ይፈልጉታል። 848ና 899 ቀስ እያሉ ይወርዳሉ። ልዩነቱን የሚያመጣው ወረቀት ነው። ራሳችሁ የሠራችሁትንም ቢሆን ቀኑንና ማይሉን ጻፉ፣ የዕቃውን ደረሰኝ አያይዙ፣ የድሮውን ቺንጋ ፎቶ አንሱ። ማርሚታ፣ መስታወት፣ የታርጋ መያዣ ከቀየራችሁ ደግሞ የፋብሪካውን ዕቃ ጠቅልላችሁ ምድር ቤት አኑሩት። ከአምስት ዓመት በኋላ ሞተር ሳይክሉን የሚገዛው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ቆሻሻ ነው ብላችሁ ስለጣላችሁት ማርሚታ ነው።